የእትዬ ሙሉሸዋ ለቅሶ በቴሌቪዥን

ጉልላት አስፋው አዲስ አበባ ሳለ በድምፁ የታወቀ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ ተምሯል። ከዚያም መድረክ ላይ ንጉሥም ለማኝም ሆኖ ለዓመታት ሲጫወት፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ይሰማው ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ሲገባ ያ ድምፅ ሥራ ፈታ። ሥራ ያገኘው መሀል ከተማ በሚገኝ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ሲሆን፣ በማጠቢያና በማድረቂያ ማሽኖቹ ጩኸት መካከል ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። አንሶላውን ከፊሊፒኗ ባልደረባው ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጥፉ ይውላሉ፤ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተው ስለ ቤተሰቧ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ድምፁ የሚፈለገው ለአበሻው ጉዳይ ብቻ ሆነ። ሠርግ ሲኖር መድረክ ይመራል። እሑድ በተከራዩት አዳራሽ ቅዳሴ ሲያልቅ ማስታወቂያ ያነባል። ሰው ሲሞት ደግሞ የሚያረዳው እሱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። «አንተ አፍ አለህ» አሉትና በዚያው ጸና።

የወይዘሮ ሙሉሸዋን መርዶም ያረዳው እሱ ነበር።

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ሜይላንድ ሃይትስ በሚባል ሰፈር፣ ቁልቁል ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ የሚርመሰመሱትን መኪኖች የሚያሳይ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከተማው ውስጥ በእሳቸው እጅ ያልበላ አዲስ መጤ የለም። ጉልላትና ሚስቱ ፀሐይ ሲመጡም ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሏቸው፣ የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት የሰጧቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ደርበው ይባላል። በሱዳን በኩል ሲወጡ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ለእህታቸው ትተውት ሄዱ። ላስመጣው ሲሉ፣ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ልጁ ጎረመሰ። ለውትድርና ተያዘና ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እዚያው ቀረ። ወሬው ካልጋሪ የደረሰው ከዓመት በኋላ ነው።

እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል ሄዱ። ሰዉ ሺፍቱን እየቀያየረ መጥቶ፣ መኪኖቹን ከቤታቸው ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በዚያ ምራቅ በረዶ በሚያደርግ ብርድ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያዩ ነገሩን ለማወቅ ቃል አላስፈለጋቸውም። ጉልላት ግን ተናገረ። የልጁን ስም ጠራ።

አልጮሁም። ይህ ነው ሰውን ሁሉ ያስደነገጠው። መሬት ላይ ተንበረከኩና ቀኝ እጃቸውን ከወገባቸው ትይዩ አየር ላይ ዘረጉ፤ ልጅ ራስ ላይ እጅ እንደሚያሳርፍ ሰው።

«እዚህ ጋ ነበር የተውኩህ፣ ደርበው» አሉ። «ከዚህ ወዴት ደረስክ? ቁመትህን አላውቀው። ስንት ክንድ ቆፍሩ ልበላቸው?»

እጃቸው ቀስ እያለ ከፍ አለ። ደረታቸው ጋ ደረሰ፣ አለፈ፤ አንገታቸው ጋ ደረሰ፣ አለፈ፤ የሚቆምበት ቦታ አጥቶ ላይ ወጣ። ግድግዳው ላይ የልጁ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ሁሉም ጉርድ ፎቶ። ከአገር ቤት የላኩላቸው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር።

ሴቶቹ ተንጫጩ፤ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጉልላትም አለቀሰ፤ ለቅሶው የእውነት ነበር። ግን እያለቀሰ ያቺን እጅ ይመለከት ነበር። እንዴት እንደምትነሳ፣ ጣቶቹ እንዴት እንደተገጣጠሙ፣ ክርኑ እንዴት ዘግይቶ ከጎናቸው እንደተለየ አየ። ማየቱን ራሱ አወቀው። ያኔ አፈረና ዓይኑን ሰበረ፤ ያየውን ግን አይቶታል።

*

የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች በዚያን ዘመን አልበርታን ማዘውተር ጀምረው ነበር። ገንዘባቸው እዚህ ይበረክትላቸዋል፤ ተራራ ሲፈልጉ ተራራ፣ ሜዳ ሲፈልጉ ሜዳ አለ። በፈረንጆቹ 1994 ሰመር ላይ አፍሪካ አስፈለጋቸውና ድራምሄለር ከተማ አጠገብ ያለውን የተራቆተ ሸለቆ አፍሪካ አሉት። ለቴሌቪዥን የሚሠራ ፊልም ነበር፤ ስሟ በማይጠቀስ አገር ውስጥ፣ በስደተኛ ካምፕ የሚሠራ የአሜሪካዊ ሐኪም ታሪክ። ለካምፑ ጥቁር ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ከኋላ ቆሞ የሚታይ ኤክስትራ ፍለጋ በየአበሻው፣ በየሶማሌውና በየጋናዊው ቤት ስልክ ተደወለ። የጉልላት ጓደኛ መልከጼዴቅ ታክሲውን አቁሞ፣ ጉልላት ከላውንድሪው ፈቃድ ጠይቆ ሄዱ።

የተቀደደ ልብስ አለበሷቸው፤ ፊታቸው ላይ ዱቄት ነሰነሱባቸው። መልከጼዴቅ ራሱን በመስታወት አይቶ፣ እናቴ ይህን ብታይ ብር መላክህን አቁም ትለኛለች አለ።

ሐኪሙን የሚጫወተው ዌንደል ስትራውድ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ስልሳ የተጠጋው፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት የት ነው የማውቀው የሚያሰኝ መልከ መልካም። መልከጼዴቅ ወዲያው ለየው። «ይሄ የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ የሚያስተዋውቀው ሰውዬ አይደል?» አለ።

በሁለተኛው ቀን ረዳት ዳይሬክተሩ መጥቶ አፍሪካንኛ የሚናገርና መተወን የሚችል ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ የሞተበት አባት እንዲሆን የተቀጠረው ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ነው። ሶማሌዎቹ ተሳሳቁ።

መልከጼዴቅ ጉልላትን ከኋላ ገፋው። «ይኸው፣ እሱ አፍሪካንኛ አቀላጥፎ ይናገራል። እዚያው የተወለደ ነው።»

ጽሑፉ ላይ ለአባትየው የተጻፈ ንግግር አልነበረም፤ «አባት በቋንቋው ያለቅሳል» ብቻ ይላል። ጉልላት ልቡ ዘለለ። ከስንት ዓመት በኋላ! በጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን ፊት ተንበረከከና በዚያ በመድረኩ ድምፅ አለቀሰ። ሸለቆው አስተጋባ። ዳይሬክተሩ፣ ወጣት ነገር ነው፣ በትሕትና ጠጋ ብሎ በጣም በዛ አለው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም በዛ። በሦስተኛው ሙከራ፣ ካሜራ ከያዙት ሰዎች አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ሲጎነበስ ጉልላት አየው። መድረክ ላይ የተማረው ሁሉ ለሩቅ ተመልካች የተማረው ነበር፤ አፍንጫው ሥር ለተደቀነ ካሜራ የሚሆን አንዲት ትንሽ ነገር አልነበረውም። ለምሳ ዕረፍት ሲባል ፊቱ በዱቄቱ ሥር ይነድ ነበር። ለነገ ሌላ ሰው ሊፈልጉ እንደሚችሉም ሰማ።

ዌንደል ስትራውድ ምሳውን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። የሆነውን ሁሉ አይቷል። ሰውዬው ወሬ ይወድ ነበር፤ ወይም ብቸኝነት አጥቅቶት ነበር። ኦሃዮ ውስጥ ጫማ ይሸጥ እንደነበር፣ አንድ ሰው ገበያ ላይ አይቶት ወደ ሆሊውድ እንደወሰደው፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ በመርማሪ ፖሊስ ተከታታይ ፊልም ላይ መጫወት እንደጀመረ ነገረው። ፊቱ በልጆች ምሳ ዕቃ ላይ ይታተም ነበር። ምግብ ቤት ገብቶ መብላት አይችልም ነበር። ከዚያ ፊልሙ አንድ ቀን ተቋረጠና ስልኩም አብሮ ዝም አለ። ሁለት ትዳር ፈረሰበት። ሰው እራቱን እየበላ በሚያየው ቴአትር ላይ ተጫወተ፤ ጥርስ ማጣበቂያውም መጣ። አሁን በዓመት አንዴ ሁለቴ ካናዳ መጥቶ ሐኪም ወይም ዳኛ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሲናገር አላማረረም፤ ሰው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራው ነበር።

ከዚያ ምክሩን ሰጠው። የራስህን ለቅሶ ተወው አለው፤ የራስ ለቅሶ ቶሎ ይደርቃል፣ ደግሞም ሰው ለራሱ ሲያለቅስ ያስመስላል። ያየኸውን ሰው ለቅሶ ውሰድ። እሱ እህቱ ባሏን ስትቀብር ጓንቷን አውልቃ፣ አጥልቃ፣ ደግማ ስታወልቅ አይቷል፤ በዚያች ጓንት ሃያ ዓመት እንጀራ በልቷል።

ጉልላት እህትህ አየችው ወይ ብሎ ጠየቀው።

ዌንደል ሳንድዊቹን ማኘክ አቆመ። አይታለች መሰለኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም።

ጉልላት ይህን ሰምቷል። በኋላ ራሱን ሲወቅስ ሁሌ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ አልሰማሁም ማለት አይችልም። ከምሳ በኋላ ግን ካሜራው ሲነሳ፣ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ከወገቡ ትይዩ ዘረጋ።

ሁሉም እንዳለ መጣ። ቃሉ መጣ፣ ክርኑ መጣ፣ ድምፁ ወርዶ የሴት እስኪመስል ቀጠነ። የልጃቸውንም ስም ጠራ። ሊጠራው አላሰበም ነበር፤ ስሙ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ሲጨርስ ሸለቆው ጸጥ አለ። ፊቱን ዱቄት የምትቀባው ሴት ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ዳይሬክተሩ እጁን ጨብጦ፣ ይኼ ነው አለው፤ ይኼ ነው። ጉልላት ከስንት ዓመት በኋላ ደስ አለው። ደስታው ንጹሕ ነበር፤ ቢያንስ ለዚያች ደቂቃ።

ግን ፊልም አንዴ ተሠርቶ አይቀርም። ከጎን፣ ከሩቅ፣ ከቅርብ እየተባለ ይደጋገማል። እያንዳንዱ ድግም ከፊተኛው ጋር እንዲመሳሰል የምትቆጣጠር ሴት ነበረች፤ ቃሉን እንደ ሰማችው በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ይዛዋለች። ጉልላት ሁለተኛው ላይ ስሙን ሊዘለው ሲሞክር አስቆመችው። አንድ ቃል ጎደለህ አለችው። ካሜራውን የያዘውም እጅህ በጣም ወጣ አለው፤ ከአገጭህ በላይ ካለፈ ከምስሉ ይወጣብኛል፣ እዚያ ጋ አቁመው። ጉልላትም አገጩ ጋ አቆመው። ደርበው አለ፤ ቁመትህን አላውቀው አለ፤ እጁን አገጩ ጋ አቆመ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ሲል ዋለ።

መልከጼዴቅ ራቅ ብሎ ከኤክስትራዎቹ ጋር ቆሞ ስለነበር ቃሉን አልሰማም። ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ምን ብለህ አለቀስክላቸው ብሎ ጠየቀው። ጉልላት የመጣልኝን ብሎ መለሰ።

*

ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየው በሚቀጥለው ዓመት በአንድ እሑድ ማምሻ ነው። ጉልላት ለማንም ላለመናገር ቆርጦ ነበር። መልከጼዴቅ ግን ከቴሌቪዥን መጽሔት ላይ አየና ለአበሻው ሁሉ ስልክ ደወለ። የጉልላት ሳሎን ሞላ። ልጆች ምንጣፉ ላይ ተኮለኮሉ። ፀሐይ በኩራት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ድፎ ዳቦ ጋግረው መጡ፤ የክብር ቦታ ተብሎ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«የኛ ልጅ ከነጮቹ እኩል ሊታይ» አሉ እየሳቁ። «እኔ አላምንም።»

ጉልላት መውጫው በር አጠገብ ቆመ። ቆርጠው ጥለውት ይሆናል ይላል በልቡ። ወይም ሙዚቃ ጭነውበት ይሆናል። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ዕድሜ የተጨመረለት ይመስለዋል። መልከጼዴቅ በሚያልፍ ሰው ሁሉ ላይ ይቀልዳል፤ ራሱን አንዴ፣ ያውም ጀርባውን ብቻ አይቶ፣ ይህ ጀርባ ኦስካር ይገባዋል ሲል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ከዚያ ጉልላት ታየ። ጭብጨባ ሆነ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ሙዚቃ ነበረው፤ የዋሽንት ነገር ነው። ጉልላት ተመስገን ሊል አፉን ሲከፍት ዋሽንቱ ዝም አለ።

«እዚህ ጋ ነበር የተውኩህ፣ ደርበው።»

እልልታው ተቋረጠ።

«ከዚህ ወዴት ደረስክ? ቁመትህን አላውቀው።»

በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ የሞተው ልጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከራሱ እስከ እግሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ቁመቱን ማንም ያየዋል። አባትየው ግን እፊቱ የተጋደመውን ልጅ ቁመትህን አላውቀው ይለዋል። ለፈረንጅ ምንም አይደለም፤ የአፍሪካ ሰው ለቅሶ ነው። እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን ያ ለቅሶ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ትልቅ ሰው አልነበረም፤ ግማሾቹ በዚያ ማለዳ እዚያ ነበሩ። ፀሐይ ባሏን ዞራ አየችው። ያን አስተያየት ጉልላት እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ የምታውቀውን ሰው ሌላ ሰው ሆኖ እንደማግኘት ያለ ነበር። ከልጆቹ አንዱ በእንግሊዝኛ ምን አለ፣ ምን አለ እያለ ይጠይቅ ጀመር፤ እናቱ አፉን ያዘችው።

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ማስታወቂያው እስኪመጣ ድረስ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ከዚያ ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ። በጉልላት አጠገብ ሲያልፉ ክንዱን በእጃቸው ነካ አደረጉት።

«ደህና አድርገህ አለቀስክ» አሉት።

*

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ፀሐይ ሽማግሌ ይዘህ ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ ትለዋለች። እሱ ደግሞ ሽማግሌ ምን ብሎ ይጀምራል፣ ምን ሰረቅህ ቢሉኝ ምን ይባላል ይላል። በመጨረሻ ወይዘሮ ሙሉሸዋ ራሳቸው ደወሉ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻህን ና አሉት።

መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ሄደ፤ እያጠና መሆኑ ሲገባው ደግሞ ራሱን ጠላው። በሩን ከፈቱለት። ቴሌቪዥናቸው ላይ የቪዲዮ ካሴት ተቀምጧል፤ መልከጼዴቅን ለምነው ያስቀዱት ነው። ጉልላት ተቀመጥ እስኪባል አልጠበቀም፤ ቆሞ ጀመረ።

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ እኔ ይቅርታ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም...»

«ቆይ፣ እሱ ይደርሳል። ተቀመጥ» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ አጣ። ይልቁንም የሆነ መቻኮል፣ የሆነ ፍርሃት ነበረበት። ከፊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ደጋግሜ አየሁት። እጅህ ቆመ።»

«አቤት?»

«የእኔ እጅ አልቆመም ነበር። የሚቆምበትን አላውቅማ። አንተ ግን እዚህ ጋ አቆምከው።» በእጃቸው አገጩን ሊነኩት ደረሱ። «ሦስቴም አራቴም አየሁት፤ እዚያው ነው የምታቆመው። አንተ ከአዲስ አበባ የወጣኸው ከእኔ በኋላ ነው። የእህቴ ቤት ከቴአትር ቤታችሁ ሩቅ አልነበረም። ልጆች ይመጡ ነበር፣ ተማሪዎች...» ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «አይተኸው ነበር፣ ጉልላት? አይተኸው፣ እንዳላዝን ብለህ ሳትነግረኝ ቀርተህ ነው?»

ጉልላት የመጣው ሊሰደብ ነበር። ለስድብ ተዘጋጅቷል፤ ለርግማንም ቢሆን። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም።

መልሱ ወዲያው መጣለት፤ ያሳፈረውም ይህ ነው። አዎ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ነበር ማለት ይችል ነበር። በር ላይ ተዋወቅን፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመን፣ እስከዚህ ይደርሳል። ቃሉ ሁሉ ተሰልፎ ቆመለት፤ ድምፁም ጭምር። ያምኑት ነበር። ሲሞቱም እያመኑት ይሞቱ ነበር። አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ግን የሚያዩት ፊቱን አልነበረም፤ ጉልበቱ ላይ ያረፈችውን ቀኝ እጁን ነበር የሚያዩት።

«ካሜራው ነው» አለ። «ከዚያ በላይ ከወጣ አይታይም አሉኝ። እዚያ ጋ አቁመው አሉኝ።»

«ካሜራው።»

«አላየሁትም፣ እትዬ። አንድም ቀን አላየሁትም።»

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከታች ዲርፉት ላይ መኪናው ይፈስሳል። ጉልላት ይነሣ ይቀመጥ ጠፋው።

«አባቱ ረጅም ነበር» አሉ በመጨረሻ። ለእሱ የተናገሩ አይመስሉም። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ስንት ጊዜ አስባሉህ?»

«ሲያስደጋግሙኝ ዋሉ።»

«እኔ አንዴ ነው ያልኩት» አሉ።

ይቅር ብዬሃለሁ አሉት፤ በእርግጥም ብለውታል። ሰው ፊት ቂም አልያዙበትም፤ ፀሐይ ስትወልድ አርሰዋታል፤ በዓል ሲሆን ዳቦው እንደ ወትሮው ይመጣል። ሰዉም ቀስ በቀስ ወሬውን ተወው። ፊልም ሠሪዎቹ ደግመው ደውለው ነበር፤ ያንን የሚያለቅሰውን አባት ፈልገን ብለው። ጉልላት ሺፍት አለብኝ አላቸው። መርዶም ማርዳት አቆመ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዓለምወርቅ የምትባል ጎረቤታቸው እናቷ ጎንደር ሞቱባት። ጉልላት ከሥራ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ጫማውን አውልቆ ሳሎኑ ሲገባ ወይዘሮ ሙሉሸዋ የዓለምወርቅን አቅፈው ያለቅሱ ነበር። በለቅሷቸው መካከል የደርበውን ስም አነሡ፤ በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማንሳት ያለ ነው። እጃቸውም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጉልላት ላይ ወደቀ። እጃቸውን ሰብስበው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ለቅሷቸውንም አቋረጡ።

በቂም አልነበረም። ገበያ መሀል ኪሱን እንደሚይዝ ሰው፣ ሳያስቡት ነው ያደረጉት።

ጉልላት ቆሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለና ተመልሶ ጫማውን አጠለቀ። ውጭ በረዶ ይጥል ጀምሯል። ደረጃው ላይ እንደቆመ፣ ከተዘጋው በር ጀርባ የወይዘሮ ሙሉሸዋ ድምፅ ካቆመበት ሲቀጥል ሰማ። ቃሉ ገና አልተለየም ነበር። እንዳይለይለት ፈጠን ብሎ ከደረጃው ወረደ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ሞተሩን አስነሳ።